የአምስት ኪሎዋ የኤሲ ጥራዝ፦ ግማሿን ግዙ፣ ግማሿን ጠርጥሩ

አምስት ኪሎ፣ ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ በር ወጣ ብለው ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የምትሸጥ አንዲት ጥራዝ አለች። የደራሲ ስም የላትም። ርዕስም በቅጡ የላትም። ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ «የኤሲዋን ስጪኝ» ካላችሁ ልጅቷ ወዲያው ይገባታል። በእጅ የተጻፈች፣ ስካን የተደረገች፣ ከኮፒ ላይ ኮፒ እየተነሳች እዚህ የደረሰች ናት፤ ስለዚህ አንዳንድ ገጽ ላይ አንድ ቁጥርና የማባዣ ምልክቱ እንኳ አይለዩም። የመጀመሪያው ግማሽ የኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄደው ከረንት) ሰርኪውት ስሌት ነው፣ ሁለተኛው ማሽን ነው፦ ትራንስፎርመር፣ ኢንዳክሽን ሞተር፣ ሲንክሮነስ ማሽን።

ብዙ ልጆች «ትጠቅማለች ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል። የኤሲው ክፍል እዚህ ከተማ ውስጥ በኮፒ ከሚሸጡት ሁሉ የተሻለ ነው። የማሽኑ ክፍል ግን ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ካመናችሁት ፈተና ላይ ጉድ ያደርጋችኋል።

ከጥሩው ልጀምር። ጸሐፊው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ተማሪ የት ጋ እንደሚደናቀፍ ያውቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ 30 ኦም ሬዚስተር ከ127.3 ሚሊ ሄንሪ ኮይል ጋር በሲሪስ ተያይዞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ላይ ተሰክቷል። ሪአክታንሱ (ኮይሉ ለኤሲ የሚያሳየው ተቃውሞ) 40 ኦም ይመጣል፣ ኢምፒዳንሱ (የሁለቱ ጥምር ተቃውሞ) 50፣ ከረንቱ 4.4 አምፔር። እዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። ከዚያ ሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ አስሉ ይላል፣ 132። ኮይሉ ላይ ያለውንስ? 176። ደምሩት። 308 ቮልት! ከሶኬት የገባው 220 ነው፣ ታዲያ ትርፉ 88 ቮልት ከየት መጣ? ብሎ ጠይቆ መልሱን አይሰጥም። ባዶ ቦታ ትቶ «መጀመሪያ ፌዘሩን ሳል» ይላል፤ ፌዘር ማለት ቮልቴጆቹን በቀስት የሚያሳይ ሥዕል ነው። ስትስሉት ሁለቱ ቮልቴጆች በ90 ዲግሪ ተለያይተው ቁጭ ይላሉ፣ ካሬያቸው ሲደመር 48,400 ይመጣል፣ የዚያ ስኩዌር ሩት 220 ነው። አለቀ። ሌክቸር ላይ ሲነገር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው የሚወጣውን ነገር በዚህ አንድ ጥያቄ ጭንቅላት ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ሌላው የወደድኩት ነገር እያንዳንዱን ጥያቄ በፓወር ማጣራቱ ነው። በዚያው ሰርኪውት የከረንቱ ካሬ በ30 ሲባዛ 581 ዋት ገደማ ነው። 220 በ4.4 ሲባዛ 968 ቪኤ (ቮልት-አምፔር)፣ እሱ በፓወር ፋክተሩ (ከዚያ ውስጥ በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) 0.6 ሲባዛ ያው 581። ሁለቱ ካልገጠሙ አንድ ቦታ ተሳስተሃል ማለት ነው፣ ተመለስ። ይቺን ልማድ የያዘ ልጅ ፈተና ላይ ግማሹን ስህተት ራሱ ይይዘዋል። ቸክሎ የሚገባ ልጅ ግን ቀመሩን ይዞ ይገባል እንጂ ማጣሪያ የለውም።

ኮምፕሌክስ ነምበር ላይም አሪፍ ናት። ብዙ ልጆች «ይሄ ጄ የሚባል ነገር ከማትስ ኮርስ ተከትሎን መጣ» ብለው ያማርራሉ፤ ጄ የኔጌቲቭ አንድ ስኩዌር ሩት ነው፣ በማትስ አይ የምንለው። ጥራዟ ታሪኩንም በሁለት መስመር ታነሳዋለች፦ እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ በተካሄደው የኤሌክትሪክ ኮንግረስ ላይ መሐንዲሱ ስታይንሜትዝ ኤሲን በኮምፕሌክስ ነምበር የማስላቱን ዘዴ ከማቅረቡ በፊት መሐንዲሶች ኤሲን የሚያሰሉት በሳይንና ኮሳይን ኢኩዌሽን እየታሹ ነበር። እና ጄ የመጣው ሊያቀል ነው። አይ የሚለው ፊደል ደግሞ በከረንት ስለተያዘ ነው ጄ የተባለው።

ካልኩሌተር ላይ አንድ ገጽ አለ፣ እሱ ብቻውን ዋጋዋን ያወጣል። ካሲዮ ኤፍኤክስ-991ኢኤስ ያላችሁ፣ ሞድ 2 ስትጫኑ ኮምፕሌክስ ውስጥ ትገባላችሁ፣ አንግሉን በሺፍትና በኔጌቲቩ ምልክት ትጽፋላችሁ፣ መልሱን ወደ ፖላር ለመቀየር ሺፍት፣ 2፣ 3። ሁለት ፓራለል ኢምፒዳንስ በእጅ ለመሥራት ግማሽ ገጽ የሚበላው በአንድ መስመር ያልቃል። ብቻ ስክሪኑ ጫፍ ላይ ዲግሪ መሆኑን እዩ፤ ራዲያን ላይ ከሆነ መልሱ ሁሉ የተረገመ ይሆናል። መምህራችሁ ስቴፕ የሚፈልግ ከሆነ ግን በካልኩሌተር ብቻ መተማመን አያዋጣም፣ ማጣሪያ አድርጉት።

የፓወር ፋክተር ምዕራፉ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሲንግል ፌዝ ሞተር ከ220 ቮልት መስመር 2.2 ኪሎ ዋት ይስባል፣ ፓወር ፋክተሩ 0.7 ነው፣ ወደ 0.95 ለማሳደግ ስንት ካፓሲተር ይፈልጋል? አሠራሩ ደረጃ በደረጃ ተቀምጧል፣ መልሱ 100 ማይክሮ ፋራድ ገደማ ይመጣል። እኔን ያስደሰተኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከረንቱ ከ14.3 ወደ 10.5 አምፔር እንደወረደ ያሳያል፣ ከዚያ የገመዱ ብክነት ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ወደ 54 ፐርሰንት እንደሚወርድ ያሳያል። ሞተሩ የሚሠራው ሥራ ያው ነው። ገመዱ ላይ በሙቀት የሚባክነው ግን በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረው። ይህን ካየ በኋላ «ፓወር ፋክተር ምን ያደርግልኛል?» የሚል ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቅሬታው።

የማሽኑ ክፍል በሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላል፤ የእጅ ጽሑፉም ይለያል። ትራንስፎርመሩ ደህና ነው፤ ኦፕን ሰርኪውት ቴስት የኮሩን ብክነት፣ ሾርት ሰርኪውት ቴስት የመዳቡን ብክነት እንደሚሰጥ፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ኢፊሸንሲው ከፍተኛ እንደሚሆን በትክክል አስቀምጧል። ኢንዳክሽን ሞተር ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል። ጥያቄዎቹ ከአሜሪካ መጻሕፍት የተገለበጡ ናቸው፣ የአሜሪካ መስመር ደግሞ 60 ኸርዝ ነው። ገልባጩ 60ውን ወደ እኛ 50 ቀይሮታል፣ የሞተሩን ፍጥነት ግን መቀየር ረስቶታል። ውጤቱን ተመልከቱ፦ አራት ፖል (የማግኔት ዋልታ) ያለው ሞተር፣ 50 ኸርዝ፣ በደቂቃ 1746 ዙር። ሲንክሮነስ ፍጥነቱ (የሞተሩ ማግኔቲክ ፊልድ የሚዞርበት) 120 ሲባዛ በ50 ሲካፈል ለ4፣ 1500 ነው። ሞተሩ ከዚያ በላይ እየዞረ ነው ማለት ነው! ስሊፑ (ሞተሩ ከሲንክሮነስ ፍጥነቱ ወደ ኋላ የሚቀርበት መጠን) ኔጌቲቭ 16.4 ፐርሰንት ይመጣል። መልሱ ላይ ኔጌቲቩን ዝም ብሎ አጥፍቶት 16.4 ብሎ ቀጥሏል። እንዲያ የሚዞር ማሽን ሞተር ሳይሆን ጄኔሬተር ነው። በ60 ኸርዝ ብትሠሩት 1800 ላይ 3 ፐርሰንት፣ ጤነኛ ሞተር ይሆናል። ይህን ስህተት ሳያስተውል ቸክሎ የገባ ልጅ ፈተና ላይ ምን እንደሚጽፍ አስቡት።

ሦስት ፌዝ ላይም ሌላ ስህተት አለ። 380 ቮልት፣ 10 አምፔር፣ ፓወር ፋክተር 0.8። ስኩዌር ሩት ኦፍ ስሪን ከፌዝ ቮልቴጁ ከ220 ጋር አባዝቶ 3 ኪሎ ዋት አግኝቷል። ስኩዌር ሩቱ የሚሄደው ከላይን ቮልቴጁ (በሁለት ፌዞች መካከል ካለው) ከ380 ጋር ነው፣ መልሱ 5.3 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። 220ውን መጠቀም ከፈለጋችሁ በ3 አባዙት፣ ያው ጋ ትደርሳላችሁ።

እንደ ጉድለት ደግሞ የማየው ኔምፕሌት (ሞተሩ ላይ የተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ) ስለማንበብ አንድ መስመር አለመኖሩን ነው። ወፍጮ ቤት ያለ ሞተር ላይ ያለውን ጽሑፍ ሂዱና እዩ። 380/660 ከሆነ በእኛ መስመር በስታር ተነስቶ በዴልታ (ሁለቱ የሞተሩ ዋይንዲንግ፣ ማለትም የሽቦ ጥቅልል፣ የሚገናኝባቸው መንገዶች ናቸው) ሊሠራ ይችላል፣ ስታር ላይ እያለ መስመሩን የሚስበው ከረንት የዴልታው አንድ ሦስተኛ ነው፣ የመነሻ ጉልበቱም እንዲሁ አንድ ሦስተኛ ነው። 220/380 ከሆነ ግን በ380 መስመር ላይ ቦታው ስታር ብቻ ነው፣ ዴልታ ካደረጋችሁት ዋይንዲንጉ ይቃጠላል። ዲናሞ የሚጠቀልሉ ሰዎች ይህን ፎርሙላ ሳይጽፉ ያውቁታል፣ ተማሪው ፎርሙላውን ጽፎ ሞተሩን ያቃጥላል። በእውነት ጥራዟ ውስጥ ካሉት አሥር የስሊፕ ጥያቄዎች ይልቅ አንድ የኔምፕሌት ፎቶ ይሻል ነበር።

ሲንክሮነስ ማሽኑ ጥቂት ገጽ ነው፣ ብዙ አያስከፋም አያስደስትም። የውኃ ተርባይን በዝግታ ስለሚዞር ጄኔሬተሩ ብዙ ፖል እንደሚያስፈልገው ይናገራል፣ ለምሳሌ በደቂቃ 125 ዙር ላይ 50 ኸርዝ ለማግኘት 48 ፖል። ሕዳሴን ያህል ግድብ ጨርሰን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ላይ መርቀን፣ ይህ ርዕስ በጥቂት ገጽ ማለፉ ግን ያናድዳል።

ስለ ኮፒ ቤቶቹም ጥቂት ልበል። አንዱ ቤት የገዛኋት ጥራዝ መሀል ላይ ገጾች ተገልብጠው ታትመው ነበር፣ ስመለስ «እንደዛ ነው የመጣልን» አሉኝ። ስለዚህ ቴሌብር ከመላካችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ አገላብጡ፣ በተለይ የፓወር ፋክተሩ ምዕራፍ መኖሩን እዩ፣ በአንዳንዱ ኮፒ ላይ ጠፍቷል። ቀለም ያለቀበት ማሽን ካያችሁም ሌላ ቤት ሂዱ። ዋጋው ከቤት ቤት ይለያያል፣ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ይጨምራል። ሰልፉም ያኔ አይቻልም።

ቴሌግራም ላይ በነፃ አለ የምትሉ አላችሁ። አለ፣ ግን እዚያ ያለው ፋይል የባሰ ደብዛዛ ነው፣ ስልክ ላይ ፌዘር ዲያግራም ማንበብ ደግሞ ዐይን ያጠፋል። ሶልዩሽን ማንዋል ያላችሁ ደግሞ ለማሽኑ ክፍል እሱን ተጠቀሙ፣ ኸርዙን ግን ሁሌ እዩ።

ለማን ትሆናለች? ለሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል ተማሪ ያለ ጥርጥር። ኤሌክትሪካል ማሽን እንደ ተጨማሪ ኮርስ ለሚወስዱ የመካኒካል ልጆችም የኤሲው ክፍል መሠረት ይጥላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና ደርሶባችሁ የረሳችሁትን ለመከለስ የምትፈልጉ ደግሞ የኤሲውን ክፍል በአንድ ቅዳሜና እሁድ ትጨርሱታላችሁ።

የኤሲዋን ግማሽ ብቻ ኮፒ አድርጉልኝ ብትሏቸው ያደርጉላችኋል። መጀመሪያ «አይሆንም፣ ሙሉውን ነው» ይላሉ፣ ትንሽ ስትቆሙ ይሆናል። ስፓይራሉን ተዉትና በስቴፕለር አስመቱት፣ ይረክሳል።