ሌንስ ፍለጋ ምናለሽ ተራ፦ ዘንድሮ አገር ቤት ማን ምን ሠራልኝ

ከውጭ የመጣ ሰው ሲመለስ ሽሮና በርበሬ ይቋጥራል። እኔ ዘንድሮ የቋጠርኩት የአሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ሆድ ዕቃ ነው። በርበሬውም አልቀረም። በሌላኛው ሻንጣ ነው የሄደው፤ በርበሬና ሌንስ አንድ ላይ አይጫንም።

የምኖረው ሮተርዳም ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ አምፕሊፋየር መፈታታትና መገጣጠም እወዳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የከነከነኝ ነገር ደግሞ የራሴን ሲዲ ማጫወቻ መሥራት ነበር። ሳጥኑ ይሠራል፣ ፓወር ሰፕላዩም ይሠራል። በቤት የማይሠራው ሲዲውን በሌዘር የሚያነበው ሌንስና ሞተሩ ያሉበት ክፍል ነው። እሱን ከአሮጌ ማጫወቻ ማውጣት ግድ ነው።

ዓይኔን የጣልኩት ፊሊፕስ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ በሠራቸው ላይ ነው። ሲዲኤም-1፣ ሲዲኤም-2፣ ሲዲኤም-4 ይባላሉ። የእነዚህ ሌንስ በሐዲድ ላይ አይንሸራተትም። ክንድ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ መኪና ዝናብ መጥረጊያ ይወዛወዛል። የሚበላ ጥርስ የለ፣ የሚደርቅ ሐዲድ የለ። በሲዲኤም-12 ግን ፊሊፕስም እንደሌላው ወደ ሐዲዱና ወደ ርካሹ ፕላስቲክ ዞረ። ሆላንድ ውስጥ ይሄን የሚያውቅ ሰው በዝቷል፤ ሲዲኤም-4 ለብቻው 100 ዩሮ ሲጠየቅበት አይቻለሁ። ለእህቴ ልጅ በስልክ ይሄን ስነግረው ሳቀብኝ። "አክስቴ፣ እዚህ እኮ በኪሎ ነው የሚሸጠው" አለኝ።

ትኬት የቆረጥኩት ለዚህ ነው ብል እናቴ ትቀየመኛለች። ለእናቴ ነው የሄድኩት።

መጀመሪያ የሞከርኩት ደላላ ነው። ሰው አገናኘን፣ ስልክ ተደወለ፣ "ኦርጅናል ሌንስ ሞልቷል" ተባለ። ቀብድ 2,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ካፌ መጥቶ ከኪሱ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ገና ሳየው የዲቪዲ ሌንስ ነው። የዲቪዲ ሌዘር የብርሃን ሞገዱ ርዝመት 650 ናኖሜትር ነው፣ የሲዲ 780። የዲቪዲ ማጫወቻ ሲዲም የሚያነበው ለዚያ የሚሆን ሌላ ሌዘር ስለተጨመረለት ነው፤ አገጣጠሙም ገመዱም የተለየ ነው፣ ለፊሊፕስ ቦርድ አይሆንም። ይህን ሁሉ ሳስረዳው ቆየና ወደ እህቴ ልጅ ዞሮ "ሴትዮዋ ምንድን ነው የምትለው?" አለው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነበር። ጥያቄው የኔ፣ መልሱ ለልጁ። ልጁ ደግሞ የሚማረው አካውንቲንግ ነው።

ቀብዱ አልተመለሰም። ኮከብ የለም።

ምናለሽ ተራ ግን ሌላ ዓለም ነው። መርካቶን ለማያውቅ፣ ከተማው የጣለው ነገር መድረሻው እዚያ ነው። ከየሰፈሩ "ቁራሌው!" እየተባለ የተሰበሰበው ጣሳ፣ የተሰበረ ቴሌቪዥን፣ የቴፕ ሬሳ እዚያ ይለያል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይሸጣል። የዘይት ቆርቆሮ ሆኖ የገባው ምድጃ ሆኖ ይወጣል። መዶሻው አያርፍም፤ ከእህቴ ልጅ ጋር የምናወራው በምልክት ነበር።

ችግሬም መዶሻው ነው። ማጫወቻ ሲመጣ ቀድሞ የሚፈለገው ትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው መዳብ ነው፣ ቀጥሎ አሉሚኒየሙ። ሌንስ የሚፈልግ የለም። ክዳኑ በአንድ ምት ይከፈታል፣ ሌንሱም በዚያው ምት ይሄዳል። አንዲት ኬኤስኤስ-210ኤ የምትባል የሶኒ ሲዲ ማንበቢያ ጭቃ ውስጥ አንጋጣ አየሁ። ገመዷ ተበጥሷል፣ ሌንሷ ግን ንጹሕ ናት። አንጀቴን በላችው።

ስጠይቅ ብዙው ሰው ይስቃል። አንዱ "የካሜራ ነው?" ይላል፣ ሌላው የመነጽር ያመጣል። አንድ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ግን አልሳቀም፣ ወደ እህቴ ልጅም አልዞረም። እኔኑ እያየ "የትኛዋ ናት እህቴ? ይቺ ውስጥ ውስጡን የምታበራዋ?" አለኝ። ፎቶ አሳየሁት። "ሳትቀጠቅጥ አምጣልኝ፣ ትራንስፎርመሩን አንተው ውሰደው" አልኩት። እንደመጣ 600 ብር፣ ቦርዱና ገመዱ ካልተነካ 800 ተስማማን። ቀብድ አልጠየቀም።

በሁለተኛው ቀን ደወለ። ስንደርስ ሸራው ላይ አራት ማጫወቻ ደርድሯል። ሁለቱ የቻይና ቪሲዲ ናቸው፣ ያኔ ሠርግ ቤት ሁሉ የነበሩት ዓይነት። አንዱ ኬኤስኤስ-213 ያለበት ሶኒ ነው። አራተኛው አቧራ የጠጣ ጥቁር ፊሊፕስ። ክዳኑ ላይ የጀበና ማቶት የሚያህል ክብ ምልክት አለ፤ ያለችበት ቤት ቡና ማስቀመጫ አድርገዋት ኖረዋል። ገልብጬ ጀርባዋን አየሁት። "ሜድ ኢን ቤልጂየም" ይላል።

ሳቄ መጣ። ፊሊፕስ እነዚህን ማጫወቻዎች ይሠራባት የነበረችው ሃሰልት ከቤቴ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ናት።

እዚያው ተቀምጬ በኪሴ በያዝኩት ካቻቢቴ ከፈትኳት። ሲዲኤም-4 ናት፣ ክንዷ ሙሉ። ቦርዱ ላይ ከዲስኩ የተነበበውን ቁጥር ወደ ድምፅ የምትለውጠዋን ቲዲኤ1541 የምትባል ቺፕ ጠብቄ ርካሿ 1543 ሆና ተገኘች። ለድምፅ የሚያብደው ሰው የሚሻማው በ1541 ነው፤ እኔ ግን የፈለግኩት ክንዱን ነው፣ ቺፑ የራሴ አለኝ።

እንደኔ ለዚህ ነገር የሚመጣ ካለ፣ ሌንሱን ብቻ ነቅላችሁ እንዳትሄዱ። ሲዲ ላይ ያለው መስመር ከጎረቤቱ ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮሜትር ነው። ዲስኩ ውስጥ ውስጡ ሲነበብ በደቂቃ 500 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ወደ 200 ይወርዳል። ያንን መስመር እንዲከተል ሌንሱን የሚመራው ቦርዱ ነው። ያለ ቦርዱ የያዛችሁት መብራት የሌለው አምፖል ነው። ቦርዱን፣ ገመዱን፣ ጎማዎቹን፣ ከተቻለ የዲስኩን መያዣ ማግኔት ጭምር ውሰዱ። ልጁ 800 ያለው ይህ ገብቶት ነው። ሌሎቹን እንደ ሙሉ ባይቆጠሩም በዚያው ዋጋ ከፈልኩት። በኋላም ሁለት ጊዜ ፎቶ እየላከ "ይቺስ?" ብሎኛል። ከዚህ በላይ አገልግሎት አላውቅም።

ጋሼን ያገኘኋቸው በእናቴ ጎረቤት በኩል ነው። ብዙ ዓመት ፒያሳ ቴፕና ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ቴስተራቸውንና መሳቢያቸውን ይዘው አዲሱ ገበያ አንዲት ጠባብ ክፍል ገቡ። ምልክት የለም፤ ጠይቆ ነው የሚገባው።

ፊሊፕሷን ሳስቀምጥላቸው ቶሎ አልነኳትም። እጃቸውን ታጠቡ፣ አደረቁ፣ ከዚያ የቧንቧውን ብረት ጥቂት ያዝ አድርገው ቆዩ። "ስታቲክ ነው ልጄ። ሌዘር እንደ አራስ ናት፣ ሹራብሽ ብቻ ይገድላታል።" የሶኒዋን ገመድ ሲነቅሉ ደግሞ ከሲጋራ ፓኮ ያወጧትን ብርማ ወረቀት የገመዱ ጫፍ ላይ ጠቅልለው ጫን አደረጉ። የገመዱ ጥርሶች እርስ በርስ ሲገናኙ ስታቲኩ ሌዘሯ ጋ አይደርስም። ፋብሪካውም ይሄንኑ ያደርጋል፤ አዲስ የሶኒ ሌንስ ሲመጣ ቦርዷ ላይ ሁለት ነጥብ የምታገናኝ የሊድ ጠብታ አለች። ከተገጠመ በኋላ መነሳት አለባት። "ሳያነሱ ገጥመው 'አዲሱም አይሠራም' ብለው የጣሉትን ስንቱን ለቅሜ ሠርቻለሁ" አሉኝ።

ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቀለሉ። ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል ነካ አድርገው ሌንሷን ሳይጫኑ ዳሰስ። ድሮ በአረቄ የሚጠርጉ እንደነበሩ ነገሩኝ። ሲደርቅ ሌንሱ ላይ ጉም ይተዋል፤ "ጥፋቱ የአረቄው ሳይሆን ከሌንሱ የተረፈውን የሚጠጣው ሰውዬ ነው" ብለው ሳቁ።

ከዚያ መብራት ሰጧት። ዲስክ ሳይኖር ሌንሷ ሁለት ሦስቴ ወደ ላይ ወደ ታች አለች። ዲስክ ትፈልጋለች። ከጎን ሲያዩዋት ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ትታያለች። ፊት ለፊት ማየት ክልክል ነው፤ አብዛኛው ብርሃኗ ለዓይን ስለማይታይ ደካማ ትመስላለች እንጂ አይደለችም።

ለሶኒዋ የተለየ ምርመራ አላቸው። ጎኗ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አለች። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች ሌዘሯ ከፋብሪካ ስትወጣ የምትስበውን ከረንት ይናገራሉ፤ 475 ማለት 47.5 ሚሊአምፔር ነው። ጋሼ በቴስተር ለኩ። ከተጻፈው ከአሥር በመቶ በላይ ከበለጠ ሌዘሯ አርጅታለች። የኔዋ ብዙም አልራቀችም።

ከሌንሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ላዙራት ወይ ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ያቺን አዙሮ የሌዘሩን ኃይል መጨመር ብዙ ቤት የሚሠራ ነገር ነው። ማጫወቻው ወዲያው ያነባል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። "የደከመ በሬ መግረፍ ነው። ጥቂት ይራመዳል፣ ከዚያ ይወድቃል። እኔ ጋ አይደረግም።"

ለፈተና ሦስት ዲስክ አላቸው። አንድ ኦርጅናል፣ አንድ የተጫጫረ፣ አንድ ቤት ውስጥ የተቀዳ። የተቀዳው ብርሃን የሚመልሰው ከኦርጅናሉ ያነሰ ስለሆነ የደከመ ሌንስ እሱ ላይ ይጋለጣል። ፊሊፕሷ ሦስቱንም አነበበች፣ ጥቂት የደረቁ ካፓሲተሮች ከተቀየሩና የላሉ ብየዳዎች ከተደገሙ በኋላ። ከቪሲዲዎቹ አንዷ ሞታ ተገኘች። "ለሞተ አላስከፍልም" ብለው 500 ብር ብቻ ተቀበሉኝ። ተጨማሪ ሳስቀምጥላቸው ተቆጡ። በማግስቱ ቡና ቆልታ የላከችላቸው እናቴ ናት፤ እሷን አይቆጡም።

የሰፈራችን አናጺ ሳጥኑን ከዋንዛ ሠራልኝ። እንጨቱን ስታዩት ትበላላችሁ። አራት ቀን ያለው አሥራ አንድ ቀን ሆነ፣ እሱ እንኳን የተለመደ ነው። ሲዲው ከላይ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ ግን ልክ 12 ሴንቲሜትር ተቆርጧል። ሲዲው 12 ሴንቲሜትር ነዋ! ገባ፣ ተቀመጠ፣ አልወጣም። ጣት የሚያስገባ ቦታ የለም። ሳጥኑን ገልብጠን ነቀነቅነው። "አንቺ እኮ 12 ነው ያልሺኝ" አለኝ፤ እውነቱን ነው። ሁለት ጎኑን በግማሽ ጨረቃ ጠርቦ አስተካከለው፣ እንዲያውም አማረበት። ሦስት ኮከብ ለሰዓቱ፣ አምስት ለእጁ።

በአፕ የሚጠሩት ታክሲዎች ደህና ናቸው። አንዱን ሹፌር "ሌንስ ይዣለሁ፣ ቀስ በልልኝ" ብለው ዓይኔን የታመምኩ መስሎት እስከ ቤት ድረስ እግዚአብሔር ይማርሽ እያለ አደረሰኝ። ክንዷ በመንገድ እንዳትወዛወዝ በወረቀት ፕላስተር አስሬያት ነበር። እናንተም እሰሩ።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሽቦውን በኤክስሬይ ሲያዩ ሻንጣው እንደሚከፈት አውቄ በእጅ ሻንጣ፣ ከላይ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ነው የያዝኳት። ፈታሹ "ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"የዘፈን ማጫወቻ።"

"አሁንም ሲዲ የሚሰማ አለ?" ብሎ መልሶ በጋቢው ጠቀለላት። ከኔ የተሻለ ነው የጠቀለለው።

ሮተርዳም ገብቼ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ገጠምኩ። መጀመሪያ ያስገባሁት ከእናቴ መሳቢያ ያመጣሁትን ሲዲ ነው። ስድስት ዘፈን እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሰባተኛው ላይ ዘለለ። አነሳሁ፣ መለስኩ፣ እዚያው ቦታ ዘለለ። ጋሼ ጋ ደወልኩ።

"ሌንሷን እንዳትነኪያት" አሉኝ ገና ሳልጨርስ። "ሲዲውን እጠቢው። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና። ስትጠርጊ ዙሪያውን አይደለም፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ።"

አጠብኩት። አሁን የሚዘለው ዘጠነኛው ላይ ነው።