ኤፒ ሳይኮሎጂ ስንት ይመጣልኛል? የስኮር ካልኩሌተር ሪቪው

በ2025 ሜይ ላይ ኤፒ ሳይኮሎጂ ተፈትኜ እንደወጣሁ፣ ገና ፓርኪንጉ ጋ ቆሜ እማዬን እየጠበኩ ስልኬን አውጥቼ «ስንት ይመጣልኛል» የሚሉትን ካልኩሌተሮች፣ ማለት ስንት እንዳገኘሽ ገምተሽ ስታስገቢ ውጤትሽን የሚገምቱልሽን ድረገፆች፣ መፈለግ ጀመርኩ። አዲስ አበባ ሚኒስትሪ የተፈተንን ቀን ይሄን ስራ የሚሰራልን ግቢ ውስጥ ያለው ዛፍ ነበር፣ ስሩ ክብ ሰርተን «አስራ ሁለተኛውን ምን አልሽ? ሲ? ኧረ ቢ ነው!» ስንባባል ቆይተን ግማሾቻችን እያለቀስን ወደ ቤት እንሄዳለን። እዚህ ሜሪላንድ ግን የምርጫ ጥያቄዎቹን ከፈተና በኋላ ማውራት ክልክል ነው፣ ፈተናው ሳይጀመር ተስማምተሽ ነው የምትገቢው፣ ስለዚህ በቃ ብቻሽን ከስልክሽ ጋር ትቀሪያለሽ።

ለማታውቁት፣ ኤፒ ማለት ሃይስኩል እያለሽ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ የምትወስጂበት የኮሌጅ ቦርድ (ፈተናውን የሚያወጣው የአሜሪካ ድርጅት) ፕሮግራም ነው፣ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው የሚሰጠው፣ 3 ሲመጣ ክሬዲት የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ፣ 4 ወይ 5 ካልሆነ ዞር በይ የሚሉም አሉ። ሳይኮሎጂው ደግሞ 75 ምርጫ በ90 ደቂቃ አለው፣ እሱ ከጠቅላላው ሁለት ሶስተኛውን ይይዛል፣ ከዛ ሁለት የሚፃፉ ጥያቄዎች በ70 ደቂቃ፣ እያንዳንዳቸው ከ7። ሁሉም ብሉቡክ በሚባለው አፕ ላይ ነው የሚሰራው።

መጀመሪያ የከፈትኩት ካልኩሌተር ዲዛይኑ በጣም ያምራል፣ በጣትሽ የምትጎትቻቸው ሶስት መስመሮች አሉት፣ አንዱ ለምርጫው ሁለቱ ለሚፃፉት፣ ከላይ በትልቁ «2025» ይላል፣ እኔም አምኜ የምርጫውን መስመር ስጎትት ስጎትት 75ን አልፎ ሄደ። እስከ 100። ቆይ ምንድነው ብዬ ሳየው ለካ የድሮውን ፈተና ነው የሚያሰላው! ድሮ 100 ምርጫ በ70 ደቂቃ ነበር፣ ከ2025 ጀምሮ ነው 75 የሆነው፣ የአንዱ ጥያቄ አማራጭም ከአምስት ወደ አራት ወርዷል፣ የሚፃፉትም ሌላ አይነት ሆነዋል። ሰዎቹ ግን ርእሱን ቀይረው ውስጡን እንዳለ ትተውታል። እኔ 52 አስገብቼ 2 ሲለኝ ልቤ ቀጥ ልትል ነበር፣ ከ100 52 አርጎ ነው እኮ የቆጠረልኝ። ስለዚህ መስመሩ 100 ድረስ የሚሄድ ካልኩሌተር ካያችሁ ዝጉት፣ ዜሮ ኮከብ።

ሪቪው የማደርገው ሁለተኛውን ነው። እሱ 75ቱን በትክክል ይዟል፣ ሂሳቡንም ከስር ያሳያል፣ ይሄን ወድጄለታለሁ። ጠቅላላውን ከ150 ያሰላዋል፣ አንድ ምርጫ 1.33 ነጥብ፣ ከሚፃፈው አንዱ ነጥብ 3.57 ገደማ። እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ማለት አንድ የፅሁፍ ነጥብ ወደ ሶስት ምርጫ ሊጠጋ ነው ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ፈተናው ካለቀ በኋላ ነው ያወኩት ወይኔ። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነገር የለም፣ ስለዚህ ባዶ የሚተው ምርጫ መኖር የለበትም፣ ይሄንንም በትንሹ ፅፎታል።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ። ምርጫ 52፣ ፅሁፍ 6 እና 6 አልኩት፣ 112 ምናምን መጣ፣ ይሄ ካልኩሌተር ደግሞ 5 የሚጀምረው 113 ላይ ነው። ለአንድ ነጥብ! እጄ ራሱ ሄዶ ሁለተኛዋን 6 ወደ 7 ሳባት፣ 5 አለኝ፣ በአረንጓዴ፣ ወላ ኮንፌቲ ይረጫል። እኔም አምኜ ለጓደኛዬ ስክሪንሹት ላኩላት እላችኋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ኦቨርኮንፊደንስ (በራስ ከልክ በላይ መተማመን) ምንድነው እየተባልኩ የተማርኩት ሴትዮ።

ማታ ረጋ ስል በአፕሪል ክፍል ውስጥ የሰራነውን መለማመጃ አውጥቼ አየሁት። የመጀመሪያው የፅሁፍ ጥያቄ አንድ ጥናት ይሰጥሽና የጥናቱን ዘዴ፣ ተለዋዋጩ እንዴት እንደተለካ፣ ቁጥሩ ምን እንደሚል፣ ምን አይነት የስነምግባር ጥንቃቄ እንደተደረገ፣ ውጤቱ ለሌላ ሰው ይሰራል ወይ እያለ ይጠይቅሻል። ያ መለማመጃ ስለ እንቅልፍና ስለ ማስታወስ ነበር፣ «ማስታወስን ኦፕሬሽናሊ ዲፋይን አድርጊ» ሲለኝ እኔ ሆዬ «ማስታወስ ማለት መረጃን አስቀምጦ መልሶ የማውጣት ችሎታ ነው» ብዬ ልክ እንደ ሸመደድኩት ፅፌያለሁ፣ ዜሮ! የሚፈልገው «ከሃያ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ያስታወሱት ብዛት» ነው፣ ማለትም እነዚህ ሰዎች በዚህ ጥናት ውስጥ እንዴት ለኩት። አስተማሪዋ ከጎኑ በቀይ «እንዴት ተለካ?» ብላ ፅፋበታለች። ሁለተኛው ጥያቄ ሶስት ምንጭ ሰጥቶሽ አቋም ያዢና ተከራከሪ ነው የሚለው፣ እሱ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ማስረጃ ያብራራሁት በአንድ አይነት ፅንሰ ሃሳብ ነው፣ ሁለተኛው የተለየ መሆን አለበት፣ በዛ ብቻ 2 ነጥብ ሄደ። እንደዚህ አይነት ሰው ነኝ ለራሴ 6 እና 7 የሰጠሁት።

እንደገና ገባሁና 5 እና 4 አስገባሁ። 101 ተኩል፣ 4።

የካልኩሌተሩ ችግር እዚህ ጋ ነው። ምርጫው ላይ ትዝ የሚሉሽ የከበዱሽ ናቸው፣ ቀላሎቹን ሰርተሽ ረስተሻቸዋል፣ ስለዚህ ዝቅ አርገሽ ትገምቻለሽ፣ ፅሁፉ ላይ ደግሞ ገፁን ስለሞላሽ ብቻ ሁሉንም ያገኘሽ ይመስልሻል። ሁለት ውሸት አስገብተሽ በነጥብ የተቆረጠ ቁጥር ይሰጥሻል፣ 101.5! ነጥብ አምስቱ ከየት መጣ? ሌላው ደግሞ ያ 113 የሚለው ድንበር ራሱ ኮሌጅ ቦርድ ለዚህ ፈተና ያወጣው አይደለም፣ ድንበሩን አስቀድመው አይናገሩም፣ እንደ ፈተናው ክብደትም ሊለያይ ይችላል። ካልኩሌተሩ ይሄን ከታች ጉንዳን በሚያክል ፊደል ነው የፃፈው፣ ኮንፌቲው ግን ሙሉ ስክሪን ነው።

እማዬ ከናይት ሺፍት ገብታ ሻይ እያፈላች ስልኬ ላይ አየችው።
«ምንድነው መቶ አንዱ?»
«ከ150 ነው እማ። ስልሳ ስምንት ፐርሰንት አካባቢ።»
«ስልሳ ስምንት አምጥተሽ ነው የምትስቂው?»
«4 ነው የሚባለው፣ ከ5። ጥሩ ነው እኮ።»
ትንሽ አሰበችና «ሰማንያ ነዋ» አለች፣ «እና አንዷን ምን ሆነሽ ጣልሻት?»

ሳልዋሽ ስናገር፣ ከፈተና በኋላ ምንም አይጠቅምም፣ ጁላይ እስኪደርስ ጭንቀትሽን በአሃዝ ማየት ነው። ከፈተና በፊት ግን አሪፍ ነገር ነው፣ ሰዓት ይዘሽ ሙሉ መለማመጃ ሰርተሽ፣ ፅሁፉን ራስሽ ሳይሆን አስተማሪ ወይ ጨካኝ ጓደኛ አርሞልሽ፣ የእውነት ቁጥር ይዘሽ ስትገቢ የት ጋ ብታጠኚ እንደሚያዋጣሽ ያሳይሻል። እኔ ማርች ላይ ባየው ኖሮ ምርጫ መሸምደዱን ትቼ በየሳምንቱ አንድ ፅሁፍ እፅፍ ነበር።

ውጤቱ ጁላይ መጀመሪያ ላይ ተለቀቀ፣ 4 ነው። አዎ ካልኩሌተሩ ያለው ነው፣ ግን ለሙገሳ አትቸኩሉ፣ ሪፖርቱ ላይ ያለችው ያቺ አንድ ቁጥር ናት፣ ምርጫው ስንት ፅሁፉ ስንት አይልም። ምናልባት ምርጫው 60 ሆኖ ፅሁፉ ገደል ገብቶ ይሆናል፣ ምናልባት በተቃራኒው።

ሁለተኛው ካልኩሌተር 3 ኮከብ ከ5 ይገባዋል። እማዬ ይሄን እየፃፍኩ ከትከሻዬ በላይ አይታ «ሁለቷንስ ምን አጥፍቶ ነው?» አለችኝ።