ደሴ ላይ የኪራይ ቤት ፍለጋ፦ ደላላው፣ ሮቶውና ውሉ

ከውጭ አገር መጥቶ ደሴ ላይ ለጥቂት ወራት ቤት መከራየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ሰፈሩን ሳይሆን ዋጋውን ማን እንደሚደራደርለት ነው። እኔ የመጣሁት እናቴን በደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለማሳከም ሲሆን፣ ክትትሉ ረጅም ስለነበረ ሆቴሉ አላዋጣንም፤ ታማሚ ይዞ በዘመድ ቤት ወራት መክረምም ለእንግዳውም ለባለቤቱም አይመችም። የፈለግሁት የራሱ መጸዳጃ ያለው ሁለት ክፍል ቤት ብቻ ነበር።

አውሮፕላን የሚያርፈው ኮምቦልቻ በመሆኑ ፍለጋውን እዚያው ጀመርኩ። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ናት፤ ለአረጋዊ ሰውም ትስማማለች። ሆኖም በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ከነባሮቹ ፋብሪካዎች የተነሳ እንዳየሁት በርካሽ የሚከራየው በአብዛኛው ለሠራተኞች በረድፍ የተሠራ አንድ አንድ ክፍል ሲሆን መጸዳጃውም የጋራ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ለሕክምና በተጠራን ቁጥር የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ መውጣትና መውረድ ለእናቴ የሚቻል ስላልሆነ ሐሳቤን ወደ ደሴ መለስኩ።

በደሴ ከሁለት ደላሎች ጋር ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ፣ አንደበቱ የሚጥም ሰው ነበር፤ ነገር ግን የምደውልበት ቁጥር የውጭ አገር መሆኑን ካየበት ጊዜ ጀምሮ የሚጠራልኝ ዋጋ ሁሉ ለከተማው ነዋሪ የሚነገር አልነበረም። ይህን ያረጋገጥኩት የአክስቴ ልጅ ለዚያው ቤት በራሱ ስልክ ደውሎ ሲጠይቅ በግልጽ የሚያንስ ዋጋ ስለተነገረው ነው። የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንዳንድ አከራይ ከውጭ የመጣን ሰው ሲያይ ኪራዩን በልቡ በዶላር መትቶ ነው ወደ ብር የሚመልሰው፤ በአከራይ አልፈርድም፣ ከተከራይም ከአከራይም ኮሚሽን የሚቀበል ደላላ ግን ለሁለቱም እውነቱን መናገር ነበረበት።

ሁለተኛው ሸዋ በር አካባቢ ያገኘሁት ወጣት ነው። ቤቶቹን አስቀድሞ በቴሌግራም በቪዲዮ እየላከ ጊዜዬን አተረፈልኝ። ከሁሉ በላይ ያመንኩት ግን ሊያከራየኝ የሚችለውን ቤት ራሱ ሲያስቀረው ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ያለ ንጹሕ ሰርቪስ ቤት እያሳየኝ፣ «እህቴ፣ ይሄን ቤት ለእናትሽ አትያዥው፤ ተራራው ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይጋርደዋል፣ ሌሊቱን ሲሚንቶው እንደ በረዶ ነው የሚሆነው» አለኝ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳርን ብርድ የሚያውቅ ሰው ምክሩን አያቃልልም።

ቤት ስናይ ከዋጋው ቀጥሎ የጠየቅሁት ስለ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር «ውሃ አለው» የሚለው ማስታወቂያ የሚያስረዳው ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ግቢው ሮቶ እንዳለውና ከዚያ ሮቶ ተከራይ መቅዳት ይፈቀድለት እንደሆነ ማወቅ ነው። ሆጤ አካባቢ ባየነው አንድ ግቢ ትልቅ ጥቁር ሮቶ ከጣሪያው በላይ ቆሞ ነበር፤ ወጣቱ ደላላ መሰላሉን ወጥቶ በጣቱ ጭብጥ ከላይ እስከ ታች መታ መታ ሲያደርገው ድምፁ እስከ ታች ድረስ ባዶ ነበር። አከራዩ ፈገግ ብለው፣ «ለጌጥ አይደለም፣ ሞተሩ ተበላሽቶ ነው» አሉን።

የመሬቱም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በደሴ ርካሽ የሚባለው ቤት ብዙውን ጊዜ ባጃጅ ከሚያቆምበት ቦታ በላይ፣ በኮረኮንች ወይም በደረጃ የሚወጣ ነው። ከተማዋ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት በመሆኗም በዳገት ላይ ያለ ቤት ግድግዳው መሰንጠቁን፣ ከኋላው ያለው የድጋፍ ግንብም ወደ ውጭ መንፋቱን ሳያዩ መፈረም አይገባም። ይህን ማንም ደላላ አላነሳልኝም፤ ጥሩ የምለው ወጣት እንኳ ስጠይቀው ነው የተናገረው።

በመጨረሻ የያዝነው ቤት ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ ከመንገድ ብዙ የማይርቅ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ነው። ባለቤቷ መጀመሪያ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥና ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይደነግጋል፤ አዋጁ በክልሎች የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ቢሆንም፣ ለድርድር መነሻ ይሆናል ብዬ በአክብሮት ጠቀስኩላቸው። እሳቸውም፣ «እናትሽን ልታሳክሚ ከሆነማ አዋጁንም ተይው ልጄ፣ የሁለት ወሩን ስጭኝ» አሉኝ። ክፍያውን በባንክ አስገብቼ ደረሰኙን ከውሉ ጋር አያያዝኩት።

በውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር የጠየቅሁት ሌላው ነገር መብራት ነው። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ሂሳቡ በተከራዮች ቁጥር ይካፈላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም አይፈቀድም። ለእናቴ ውሃ የምናሞቅበት አነስተኛ ምድጃ ግን እንዲፈቀድ ተስማማን፤ ለዚህም በየወሩ ጥቂት ጭማሪ እከፍላለሁ። የደላላውን ኮሚሽን የከፈልኩት ቁልፉን ተረክቤ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ውሃ መውረዱን ካየሁ በኋላ ነው፤ ወጣቱም በዚህ ቅር አልተሰኘም።