ዋየርጋርድን አንድ የቡና ወቅት ሠራሁበት

ጅማ ውስጥ የአንድ ቡና ድርጅት የአይቲ ሥራ የምይዘው እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። ቡና በሚገዛበት ሰሞን ግማሹ ሠራተኛ አጋሮና ሊሙ ነው የሚውለው፤ የሂሳብ ፕሮግራሙ ደግሞ እዚህ ቢሮ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ያለ ቪፒኤን (ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) አይሆንም። ቀድሞ ኦፕንቪፒኤን በሚባል የቪፒኤን ፕሮግራም ነበር የምንሠራው፣ ዘንድሮ ዋየርጋርድ ወደሚባለው ዞርን።

መጀመሪያ ደስ ያለኝን። አጋሮ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ ሰው ወደ ሞባይል ዳታ ይቀይራል። በፊት እኔው ባዋቀርኩት አንዴ ከተቋረጠ እንደገና ፓስወርድ መጻፍ፣ ካልሆነ ለእኔ መደወል ነበር። ዋየርጋርድ ሰውን የሚያውቀው በቁልፉ (መለያው በሆነ ረጅም ሚስጥራዊ ኮድ) እንጂ በኢንተርኔት አድራሻው ስላልሆነ ካቆመበት ይቀጥላል። ስልክ ላይ ማስገባትማ ኪውአር ኮዱን ስካን አድርጎ መጨረስ ነው። ቀለል ያለ ነገር ነው፤ ኮዱ 4,000 መስመር ገደማ ብቻ ሲሆን ከ2020 ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አለ። ያረጀችው ሰርቨራችን ምንም አላማረረችም።

ጣጣው ግን የእኔ ሆነ። ዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚባል ነገር የለውም። ያለው ቁልፍ ነው፣ ቁልፉ ያለው ፋይል ውስጥ ነው፣ ፋይል ደግሞ በቴሌግራም ይላካል! አንዷ የሂሳብ ሠራተኛ «እንቺ ተጠቀሚበት» ብላ ለጓደኛዋ ላከችላት። ሰርቨሩ መልስ የሚሰጠው በዚያ ቁልፍ መጨረሻ ላናገረው ስለሆነ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትቆማለች። ሁለት ቀን ሙሉ ኔትወርኩን ስረግም ነበር፣ ምስኪኑ ምንም አላደረገም። አሁን ለእያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ የየራሱ ቁልፍ አለው፣ የማን እንደሆነ ደብተር ላይ እጽፋለሁ (አዎ፣ ደብተር)፣ ስልክ ከጠፋ ወይም ሰው ከለቀቀ በዚያው ቀን ከሰርቨሩ እሰርዛለሁ።

ደግሞ አፑ ሰርቨሩ ጠፍቶም ቢሆን በርቷል ብሎ ነው የሚያሳያችሁ። ስለዚህ ሲደውሉልኝ አፑ ላይ የመጨረሻውን ሃንድሼክ (ከሰርቨሩ ጋር መጨረሻ የተገናኙበትን ጊዜ) አስነብባቸዋለሁ፤ እየሠሩበት ከ3 ደቂቃ ካለፈ አልተገናኙም ማለት ነው።

አፑ ውስጥ «አላውድ አይፒስ» የሚለው ቦታ ላይ (በቪፒኤኑ የሚያልፈው የትኛው አድራሻ እንደሆነ የሚወሰንበት ነው) የቢሮውን ኔትወርክ ብቻ አስገቡ። 0.0.0.0/0 (ሁሉም አድራሻ ማለት ነው) ካላችሁ የሰው ቲክቶክ ሁሉ በቢሮው መስመር ዞሮ ነው የሚሄደው።

እስከ ሃያ ሰው ላለው ቢሮ እመክረዋለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ደብተሩ አይችልም፣ ቁልፍ የሚያስተዳድር ነገር ጨምሩበት። ኦፕንቪፒኤኑንም አላጠፋሁትም፤ ዋየርጋርድ በዩዲፒ (አንዱ የዳታ መላኪያ መንገድ ነው) ብቻ ስለሚሄድ ዩዲፒ የዘጋ የሆቴል ዋይፋይ ላይ አይሠራም፣ ያኔ በቲሲፒ 443 (ድረ ገጾች በሚሄዱበት በር) የሚገባው ኦፕንቪፒኤን ነው።