አሮጌ ካሜራ በአዲስ መቅጃ፦ ኢንኮደሩ ከክረምት እስከ ጥምቀት

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለችው የቤተሰባችን ፔንሲዮን ስትሠራ ስምንት አናሎግ ካሜራ (ምስሉን በኬብል እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ሲግናል የሚልክ አሮጌው ዓይነት) ተገጠመላት። ኬብሉ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ፣ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቷል። በኋላ መግቢያው በርና እንግዳ መቀበያው ላይ አይፒ ካሜራ (ምስሉን በኔትወርክ ገመድ የሚልክ አዲሱ ዓይነት) ስናስገባ ነገሩ ለሁለት ተከፈለ። ሁለት ስክሪን፣ ሁለት መቅጃ፣ የማይገጣጠም ሰዓት። የአናሎጎቹ መቅጃ፣ አሮጌው ዲቪአር፣ ደግሞ እየቆየ መቅዳት ማቆም ጀመረ። የጠየቅኳቸው ባለሙያዎች ሁሉ «ነቅለህ ቀይረው» ነው ያሉኝ። ግድግዳ ማስቦርቦር አልፈለግኩም። ስምንት ካሜራ የሚቀበል ኢንኮደር ገዛሁ፤ የአናሎግ ካሜራን ምስል ወደ ኔትወርክ ምስል የሚቀይር ዕቃ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ጥምቀትንም አልፎ ዛሬም እየሠራ ስለሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ በኩል የካሜራዎቹን ኮአክሲያል ኬብል ትሰካላችሁ፤ በሌላ በኩል አንድ የኔትወርክ ገመድ ይወጣል። ዕቃው ምስሉን ኤች 264 በሚባለው የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ ጨምቆ ለኤንቪአሩ፣ ማለትም ለአይፒ ካሜራዎቹ መቅጃ፣ ይልካል። ኤንቪአሩም እንደ ሌላው አይፒ ካሜራ ይቀበለዋል። ካሜራው፣ ኬብሉ፣ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላዩ ባሉበት ይቀጥላሉ።

ጥራት ግን አይጨምርም። የኔ ካሜራዎች ፓል (የድሮው የቴሌቪዥን ምስል ደረጃ) ናቸው፤ በኢንኮደሩ በኩል የሚገኘው ምስል 704 በ576 ፒክስል ነው። በሩ ላይ ካለው ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ ጋር ሲተያይ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ሰው ማለፉን ታያላችሁ፤ ማን እንደሆነ ካልቀረበ አይለይም። ኮሪደርና ደረጃ ላይ ይህ ይበቃል። በር ላይ አይበቃም።

ታዲያ ምን ጠቀመኝ? የከተራ ዕለት አንዲት ትልቅ እናት ሻንጣቸው ጠፋባቸው። «ልጄ፣ ታቦት ልንሸኝ ስንወጣ ነው፤ 9 ሰዓት ገደማ» አሉኝ። መቅጃው የሚያውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጃንዋሪ 18፣ 15:00 ላይ ገባሁ። የኮሪደሩ አሮጌ ካሜራ ሻንጣ ይዞ የሚወጣ ሰው አሳየን። ማንነቱ ግን አይታወቅም፤ በዚያ ቀን ሁሉም ነጭ ለብሷል። ከቦታዬ ሳልነሳ፣ በዚያው ሰዓት ላይ የበሩን ካሜራ ከጎኑ ከፈትኩት። ያው ሻንጣ፣ ያው ሰው፣ አሁን ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል። «ውይ! የእህቴ ልጅ እኮ ነው!» አሉ። ለካ መኪና ላይ ጭኖላቸው ኖሯል። ሁለቱ ካሜራዎች በየራሳቸው መቅጃ ቢሆኑ ይህን ለማገናኘት ማታውን ሙሉ እንፈልግ ነበር።

ወደ ችግሮቹ ልምጣ። አንደኛው ሰዓት ነው። ይህ ኢንኮደር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱን ይረሳል፤ ምስሉ ላይ የራሱን የተሳሳተ ሰዓት ይጽፋል፣ ኤንቪአሩ ደግሞ ትክክለኛውን። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ሲያይ ግራ ይገባዋል፤ ምስሉንም ላያምነው ይችላል። የኢንኮደሩን ጽሑፍ አጥፍቼ የኤንቪአሩን ብቻ ተውኩ። ኢንኮደሩንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ላይ አስገባሁት። ኤንቪአሩን ዩፒኤስ ላይ አድርጎ ኢንኮደሩን መተው ትርጉም የለውም፤ መብራት ሲሄድ ስምንቱም ካሜራ አብሮ ይሄዳል። ለካሜራዎቹ ፓወር ሰፕላይም እንዲሁ።

ሁለተኛው እንቅስቃሴን የተመለከተ ነው። ኢንኮደሩም ኤንቪአሩም ኦንቪፍ (የተለያዩ ፋብሪካዎች ካሜራና መቅጃ የሚግባቡበት የጋራ ደረጃ) ይደግፋሉ ተብሎ ነው የተሸጡት። ምስሉ ያለ ችግር መጣ፤ «እንቅስቃሴ አለ» የሚለው መልእክት ግን ከኢንኮደሩ ወደ ኤንቪአሩ አልደረሰም። ስለዚህ አሮጌዎቹን እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ሳይሆን ያለማቋረጥ ነው የምቀዳው። ደግነቱ ብዙ ቦታ አይፈጁም። አንድ ካሜራ በ1 ሜጋቢት በሰከንድ ሲቀዳ በቀን 11 ጊጋባይት ያህል ነው። ስምንቱ 2 ቴራባይት ዲስክ ላይ ብቻቸውን ቢሆኑ ሦስት ሳምንት ያልፋሉ።

ሐይቁ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ወደ ውሃው የሚያየው ካሜራ ክረምት ላይ ምስሉ ነጭ ነጭ ሰረዝ ያሳይ ጀመር። ኢንኮደሩን ጠረጠርን። ኬብሉን ሌላ ቀዳዳ ላይ ስንሰካው ችግሩ አብሮት ሄደ። ካሜራው ጋ ያለውን የኬብሉን መሰኪያ ጫፍ (ቢኤንሲ) ስንፈታ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ እርጥበት ገብቶበታል። ጤነኛው መዳብ እስኪታይ ተቆርጦ አዲስ ጫፍ ታሰረለት፣ በደንብ ተጠቀለለ፤ ምስሉ ወዲያው ጠራ። ማታ ማታ ደግሞ ሸረሪት ካሜራው በጨለማ እንዲያይ የሚያበራው ኢንፍራሬድ መብራት አጠገብ ድሯን ታደራለች። ድሩ ብርሃኑን እየመለሰ ምስሉን ነጭ ያደርገዋል። ዘበኛችን በረጅም መጥረጊያ ያነሳዋል። ለዚህ ምንም ዕቃ መፍትሔ የለውም።

ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አስፈትሹ። ስምንቱ ካሜራዎች የሚመጡት በአንድ አይፒ አድራሻ (ኢንኮደሩ በኔትወርኩ ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) ነው። አንዳንድ ኤንቪአር ከዚያ አድራሻ የሚያነሳው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የቻናል ቁጥር መምረጥ የሚፈቅድ መሆኑን ሱቁ ውስጥ፣ በራሳችሁ ኤንቪአር ላይ እዩት። «ኦንቪፍ ነው፣ ይሠራል» የሚል ቃል ብቻ አትቀበሉ። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃልም እዚያው ቀይሩት።

እኔ ጋ ቀጥሎ የሚቀየረው የመኪና ማቆሚያው ካሜራ ነው፤ ማታ ታርጋ አያነብም። ለእሱም ቢሆን ግድግዳ አይነካም። በአሮጌው ኮአክሲያል ላይ ኔትወርክና ኃይል አብረው የሚያሳልፉ ጥንድ አዳፕተሮች አሉ፤ አንዱ ካሜራው ጋ፣ አንዱ መቅጃው ጋ ይደረጋል። ዋጋቸውን እያጠያየቅኩ ነው። ሰባቱን ግን እስኪበላሹ አልነካቸውም።