ኡቲ ለሻይ ፌስቲቫል የምትሄዱ፣ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ባንጋሎርና ኮይምባቶር ያላችሁ ሀበሾች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ኡቲና ጎረቤቷ ኩኑር ደቡብ ሕንድ ኒልጊሪ ተራሮች ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ኩኑር ላይ የሻይና የቱሪዝም ፌስቲቫል ይዘጋጃል፤ ያን ሰሞን «የፌስቲቫል ፓኬጅ» የሚሸጥ ኤጀንት እንደ አሸን ይፈላል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በነፍስ ወከፍ 6,500 ሩፒ ከፍለን ተበልተናል።

ማባበያው ባቡሩ ነበር። በ2005 ዩኔስኮ የመዘገበው የኒልጊሪ ተራራ ባቡር፣ ያ ጥርስ ባለው ሐዲድ እያቃሰተ ሽቅብ የሚወጣው። ኤጀንቱ «በእንፋሎት ባቡር ነው የምትሄዱት» አለን፣ እኛም ቪዲዮውን አይተን ስለነበር ልባችን ቀልጧል። በነጋታው በሚኒባስ ኩኑር ድረስ ወሰደንና እዚያ አሳፈረን። ፊት ያለው ናፍጣ! ለካ እንፋሎቱ የሚሠራው ከታች ከሜቱፓላያም እስከ ኩኑር ድረስ ነው፤ ከኩኑር ወደ ኡቲ የሚጎትተው ናፍጣ ነው። ስንጠይቀው «ባቡር አልኩ፣ ይኸው ባቡር» ብሎ ሳቀብን። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ዋጋና እኛ የከፈልነው ደግሞ አይተዋወቁም። ትኬታችሁን በሕንድ ምድር ባቡር ድረ ገጽ ራሳችሁ ቁረጡ፣ መነሻው ሜቱፓላያም መሆኑን እዩ፤ ወንበሩ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

«የመግቢያ ፓስ» ብሎም 300 ሩፒ ተቀብሎናል። ከ2024 ጀምሮ በመኪና ኒልጊሪ ለመግባት ኢ-ፓስ ያስፈልጋል፣ እውነት ነው፤ ግን በኦንላይን በነፃ ነው የሚሰጠው።

ፌስቲቫሉ ራሱ ምንም አይልም፣ ደስ ይላል እንኳ። የባሰው የመጣው «የፋብሪካ ጉብኝት» የሚሉት ላይ ነው። ማሽኑን አሥር ደቂቃ አይተን ቀጥታ ሱቅ ውስጥ! ሻጩ አንድ ጣሳ ከፈተልኝ፣ ከላይ ብርማ ፀጉር ያለው ለጋ እምቡጥ ተደርድሯል። «ነጭ ሻይ፣ 100 ግራም 1,200 ሩፒ።» ኤጀንቱም ጎኔ ቆሞ «ለእናትህ ውሰድላት» ይለኛል፤ እናቴን ሲጠራብኝ እጄ ኪሴ ገባ።

ቤት ገብቼ ጣሳውን ሳህን ላይ ገለበጥኩት። እምቡጡ አንድ ማንኪያ አይሞላም፣ ከሥሩ ያለው እንክትክት ያለ ቡኒ ቅጠል ነው። ነጭ ሻይ ሲፈላ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው የሚሆነው፤ የኔው ደም መሰለ። እርጥብ ሶፍት ላይ ትንሽ ብበትንበት ወዲያው ብርቱካንማ ነጠብጣብ ጣለ። ቀለም የተነከረ ሻይ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ደህና ቅጠል በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ከላይ ያለውን አትዩ፣ ጣሳው እጃችሁ ላይ ይገልበጥ። እምቢ ካለ ውጡ።

ኤጀንቱ ጋ ደወልኩ፣ ዋትሳፕ ላይ ብሎክ አድርጎኛል። እናቴ ደግሞ ስለ ስጦታው ስነግራት «ሻይ ከሆነ ምነው ውሽውሽ አልልክልህም ነበር?» አለችኝ።