የሸክላ ቅጂ ለማጽዳት የቱን እንግዛ? ኦዳሲቲ፣ ቫይኒልስቱዲዮ ወይስ አርኤክስ

ቤት የቆየ ሸክላ ወደ ኮምፒውተር ገልብጣችሁ ዘፈኑን ስትከፍቱት ጫጫታው ጆሮ ይበጠብጣል። እንደ ኦዳሲቲ፣ ቫይኒልስቱዲዮና አርኤክስ ያለ የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ከመምረጣችሁ በፊት ግን የጫጫታውን ዓይነት ለዩ። አጭሩ «ቀጭ» ከጭረትና ከአቧራ ነው። የማያቋርጠው «ሽሽሽ» ከሸክላው ገጽ ወይም ከመጀመሪያው ቅጂ ይመጣል። ወፍራሙ «እምምም» የመብራት ጣጣ ነው።

የገለበጣችሁት ሲዲ ከሆነ ምንም አትግዙ። እዚያ ላይ የምትሰሙት «ቀጭ» ብዙውን ጊዜ የንባብ ስህተት ነው። ዲስኩን ጥረጉና ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ በሚባለው ነጻ የዊንዶውስ ፕሮግራም እንደገና ገልብጡት። የተጠራጠረውን ቦታ ደጋግሞ ያነባል።

ሸክላ ላይ ነው ምርጫው የሚከብደው።

ኦዳሲቲ ነጻ ነው። ለ«ሽሽሽ» ከእሱ ሌላ መግዛት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ዘፈኑ ሳይጀምር መርፌው ባዶውን የሚሄድበትን ሁለት ሦስት ሰከንድ ትመርጡና ናሙና ታስወስዱታላችሁ። ከዚያ ሙሉውን ፋይል መርጣችሁ ታስቀንሱታላችሁ። ከ6 እስከ 9 ዴሲቤል ይበቃል። ሲበዛ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ለ«እምምም» ደግሞ ኖች ፊልተር፣ ማለትም አንድን የድምፅ ድግግሞሽ ብቻ ለይቶ የሚቆርጥ መሣሪያ፣ አለው። አዲስ አበባ ከገለበጣችሁ 50 ኸርዝ፣ ዋሽንግተን ከሆነ 60 ኸርዝ ላይ አድርጉት።

«ቀጭ» ላይ ግን ኦዳሲቲ ይደክማል። ጥቃቅኑን ያልፋል፤ ጠበቅ ስታደርጉት ሙዚቃውን ይነካል። የሰከንድ ሦስት ሺኛ ያህል ብቻ የሚቆይ «ቀጭ» የሚጠግን ጥሩ መሣሪያ አለው። ግን አንድ በአንድ ነው። ለአንድ ሁለት ዘፈን ይሆናል፣ ለመደርደሪያ ሙሉ ሸክላ አይሆንም።

እኛ ዘንድ ይሄ ጉዳይ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው አምሃ ሪከርድስና ሌሎች በዚያ ዘመን ያሳተሟቸው ሸክላዎች ጥሩንባና ሳክስፎን የሞላባቸው ናቸው። ጥሩንባ ሲነሳ ድምፁ ስለታም ነው። ለማጽጃው ፕሮግራም ከጭረት ጋር ይመሳሰልበታል፣ አብሮ ይቆርጠዋል። ያ ድምፅ ከተቆረጠ ደግሞ ዘፈኑ ምን ቀረው?

ቫይኒልስቱዲዮ ብዙ ሸክላ ላለው ሰው የሚሆን ነው። ዋጋው ቀላል ነው። ቀጭታውን ፈልጎ ይጠግናል፣ የተቀዳውን በዘፈን በዘፈን ይከፋፍላል፣ ዋናውን ቅጂም አይነካም። እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይሄን ነው።

የአይዞቶፕ አርኤክስ ሌላ ደረጃ ነው። 11ኛው እትም ሲወጣ ኤለመንትስ የሚባለው ርካሹ ዓይነት 99፣ ከፍ ያለው ስታንዳርድ 399 ዶላር ነበር፤ ቅናሽ ስለሚያበዛ ጠብቁት። ቀጭታ ማጽጃው የሚያወጣውን ብቻ ለይቶ ያሰማችኋል። «ቀጭ ቀጭ» ብቻ ከሰማችሁ ልክ ነው። ጥሩንባ ከተሰማ መጠኑን ዝቅ አድርጉ። ስታንዳርዱ ላይ ደግሞ ድምፁን በሥዕል ታዩታላችሁ። ጭረቱ ቀጥ ያለ ቋሚ መስመር ሆኖ ይታያል። እሱን ብቻ መርጣችሁ ከግራና ከቀኝ ባለው ድምፅ ታስሞሉታላችሁ። ጥሩንባው ሳይነካ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ኤለመንትስን አልገዛም፤ ለሸክላ ትልቁ ጥቅም ያለው ስታንዳርዱ ላይ ነው። አገር ቤት ላለ ሰው የዶላር ክፍያው ራሱ ጣጣ ስለሆነ፣ ስታንዳርዱ የሚያዋጣው ለሌላ ሰው እየገለበጠ ለሚያስከፍል ወይም ሌላ ቅጂው የማይገኝ ሸክላ ለያዘ ነው።

የቱንም ብትመርጡ መጀመሪያ ሸክላውን እጠቡ። ያልጸዳውን ቅጂ ጥራቱን በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት በፍላክ (FLAC) አስቀምጡ፤ ኤምፒ3 ማድረግ የመጨረሻ ሥራ ነው። ሁለቱ የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች በነጻ መሞከር ይቻላሉ። ስትሞክሩ በጣም የተጫረውን ሸክላችሁን አውጡና ጥሩንባው የሚገባበት ቦታ ላይ ፈትኗቸው።